ፒክአፕ ላይ ተጨማሪ ዕቃ ከመግጠማችሁ በፊትና ከገጠማችሁ በኋላ፦ ዝርዝር መመሪያ

ካኖፒ (የካሶኒው ቤት)፣ የፊት ብረት፣ ፖርቶ መጋላ፣ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የተያዘ መኪና የሚያወጣ)፣ ወፍራም ጎማ፣ ተጨማሪ መብራት። ፒክአፕ ይዞ ከእነዚህ አንዱን የማይመኝ ሰው ጥቂት ነው። ምኞቱም አግባብ አለው፤ ከፋብሪካ የሚወጣው መኪና ጅንካ ለሚመላለስ የመስክ ሠራተኛም ሆነ ከቦሌ ሳሪስ ለሚነዳ ነጋዴ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን የሚገጠም ዕቃ ሁሉ ከመኪናው ላይ የሚወስደው ነገር አለ፦ የመጫን አቅም፣ የፍሬን ጉልበት፣ የባትሪ ኃይል፣ ነዳጅ። ሻጩ ዕቃው ምን እንደሚሰጥ ይነግረናል። ምን እንደሚወስድ ማስላት የባለመኪናው ሥራ ነው፤ ይህ መመሪያም በዋናነት ስለዚያ ስሌት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በእጅ ያለን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። ሻንሲው የታጠፈ ወይም ሽቦው የተቃጠለ ፒክአፕን በሌላ መተካት ቀላል አይደለም።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ስለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናቸው። አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ወይም ፎርድ ሬንጀር ያላችሁም ስሌቱን በራሳችሁ መኪና ቁጥሮች ልትሠሩት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ የመኪናውን ውሎ ጻፉ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ያለፉትን ሦስት ወራት አስታውሱ። መኪናው በብዛት ስንት ሰው ጫነ? ካሶኒው ላይ ምን ነበር? ስንቱ መንገድ አስፋልት፣ ስንቱ ፒስታ ነበር? ሌሊት ከከተማ ውጭ ምን ያህል ጊዜ ነዳችሁ? ጭቃ ውስጥ ተይዛችሁ ነበር ወይ?

መልሱን በወረቀት ላይ አስፍሩት። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሆን ጉዞ ብሎ በየቀኑ 200 ኪሎ ብረት ተሸክሞ መዞር አያዋጣም። ለዚያ አንድ ጉዞ ዊንች መግጠም አያስፈልግም፤ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋና ሁለተኛ መኪና ይዞ መውጣት ይበቃል።

2. የቀራችሁን ክብደት አስሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

በሾፌሩ በር አጠገብ ባለው ምሰሶ ወይም ኮፈን ሥር ባለው ሰሌዳ፣ እንዲሁም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። የመጫን አቅም የሚባለው ከዚህ ላይ የባዶ መኪናው ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ተጨማሪ ዕቃዎች፣ ሾፌሩን ጨምሮ ተሳፋሪዎች፣ ሻንጣና የመጠጥ ውኃ ሁሉም ከዚህ ከቀረው ይቆረጣሉ። ብዙ ሰው የመጫን አቅም ሲባል ካሶኒው ላይ የሚጫነውን ብቻ ያስባል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ የመጫን አቅሙ 900 ኪሎ የሆነ ደብል ጋቢና እንውሰድ። የፊት ብረት 60፣ ዊንች ከነገመዱ 35፣ የፋይበር ካኖፒ 70፣ የጎን መርገጫ 25፣ ፖርቶ መጋላ 25፣ ሁለተኛ ባትሪ ከነማሰሪያው 25 ኪሎ እንበል። ድምሩ 240 ነው። በአማካይ 75 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ሲሳፈሩበት 375 ይጨመራል። ለጭነት የተረፈው 285 ኪሎ ነው፤ ሦስት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ባለመኪናው ግን መኪናዬ አንድ ቶን ያነሳል ብሎ ስድስት ኩንታል ጤፍ ይጭናል።

ዕቃዎቹ አስቀድመው ከተገጠሙ ምድር ሚዛን ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አስመዝኑ። መጀመሪያ መኪናውን በሙሉ፣ ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ። ለየብቻ የሚመዘንበት ምክንያት አለ፤ ጠቅላላው ክብደት ከተፈቀደው በታች ሆኖ የኋላው አክስል ግን ከልኩ አልፎ ሊገኝ ይችላል።

3. ክብደቱ የት እንደሚያርፍ አስቡ

የደብል ጋቢና ሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ወደ ኋላ፣ ማለትም ስፖንዳው አካባቢ፣ 100 ኪሎ ብታስቀምጡ በኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 100 ሳይሆን 132 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 32 ኪሎ ከፊተኛው አክስል የተነሳ ነው። ፊት ሲቀል መሪው ይላላል፤ የፊት ፍሬን መንገዱን የሚይዝበት ኃይልም ይቀንሳል። በኋላ ባምፐር ላይ ትርፍ ጎማና ጄሪካን የሚያንጠለጥል ብረት አሠርቶ ከካሶኒውም ጫፍ ድረስ የሚጭን ሰው ይህን ስሌት በእጥፍ እየከፈለ ነው።

ከባድ ነገር ሁሉ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከወለሉም ሳይርቅ ይቀመጥ። የውኃ ታንክ፣ የመሣሪያ ሳጥንና ሁለተኛ ባትሪ ቦታቸው ከጋቢናው ጀርባ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣው ቀላልና ግዙፍ ነገር ብቻ ይሁን፤ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ባዶ ጄሪካን። የጣሪያው ልክ ስንት እንደሆነ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው።

4. ገንዘቡን ከጎማ ጀምሩ

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጥሩ ጎማ ግዙ። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ጭቃ ውስጥ ማለፉም መጨረሻቸው ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ነው።

ለእኛ መንገድ ቅልቅሉ፣ ማለትም ኤቲ የሚባለው ጥርስ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የጭቃ ጎማው፣ ኤምቲ፣ ዓመቱን ሙሉ ገጠር ለሚውል መኪና ይሆናል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ውሎው አዲስ አበባ ለሆነ መኪና አልመክረውም።

ስትገዙ ሦስት ነገር አንብቡ። መጀመሪያ መጠኑን፦ 265/65 በ17 የሆነው ጎማ ቁመቱ 776 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ 265/70 በ17 ደግሞ 803። ልዩነቱ 27 ሚ.ሜ ስለሆነ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ13 ሚ.ሜ ብቻ ነው። ቆጣሪው በበኩሉ ወደ 3.4 በመቶ ይዛነፋል፤ ቆጣሪው 100 ሲያሳይ ትክክለኛው ፍጥነት አሁን 103 ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛ የጭነት ቁጥሩን፦ 112 የተጻፈበት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 115 የተጻፈበት 1,215 ኪሎ ይሸከማል። ዋጋው ረክሶ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጎማ ዝቅ ያለ ከሆነ ተዉት። ሦስተኛ የተመረተበትን ጊዜ፦ በጎማው ጎን ያለው ባለአራት አሃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል። 1222 ማለት በፈረንጆች 2022 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያልተነካ አዲስ መሳይ ጎማ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ጎኑ የደረቀ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ትርፍ ጎማውም እኩል መጠን ይሁን። አራቱ ተቀይረው አምስተኛው ትንሽ ከቀረ፣ ፎር ዊል ባስገባችሁበት ሰዓት የጎማዎቹ ዙር ልዩነት ማርሹንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ሰፊ ቸርኬና ማስወጫ ቀለበት ጎማውን ወደ ውጭ ገፍተው ኩሽኔታው ላይ ጫና ይጨምራሉ፤ ለውበት ካልሆነ ጥቅም የላቸውም።

5. ባሌስትራና ሾክ፦ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ሲሳሳቱም የሚያስከፍለው

በእኛ ጋራዦች የተለመደው መፍትሔ ባሌስትራ መጨመር ነው። ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ለሚጭን መኪና ትክክል ሊሆን ይችላል። ባዶውን ለሚውል መኪና ግን ኋላው ደረቅ ሆኖ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ጎማው ከመሬት በተነሳ ቁጥር ፍሬኑም አይሠራም። ባሌስትራ ሲጨመር የድሮው ሾክ አዲሱን ጉልበት መግራት ስለማይችል አብሮ የሚመጥን ሾክ መግባት አለበት። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም በአዲስ ይተኩ፤ አንዴ በኃይል ተወጥረው የቆዩ ናቸውና ድጋሚ አይታመኑም።

ባሌስትራ ጨምራችሁ መኪናውን ከፍ ከማንሳታችሁ በፊት ለመካኒኩ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «የኋላ ፍሬኑን ግፊት የሚቆጣጠረውስ?» በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከሻንሲው ወደ አክስሉ በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ካሶኒው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። መኪናውን በ50 ሚ.ሜ ስታነሱት ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ይወስዳል፤ ጭነት ኖሮም የኋላ ፍሬኑን ያደክመዋል። ዘንጉ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ ላይ የኋላ ፍሬኑ የሰነፈ፣ ጭነት የበዛበት ፒክአፕ የፊት ፍሬኑን አግሎ ይጨርሳል። ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ በሞተር እየያዙ መውረድ ለማንኛውም ጭነት ለጫነ መኪና ግዴታ ነው።

መኪናው ከተነሳ በኋላ የጎማ አላይመንትና የፊት መብራት ማስተካከያ የሥራው አካል እንጂ ተጨማሪ አገልግሎት አይደሉም። ከ50 ሚ.ሜ በላይ ማንሳት ደግሞ የፊት ሴሚያሴውን (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) ይበልጥ ስለሚያዘቀዝቅ ጎሚኒውንም መገጣጠሚያውንም ቶሎ ይበላል። እኔ ከዚያ በላይ አልሄድም።

በባሌስትራው ላይ የሚገባ የአየር ከረጢትም ገበያ ላይ አለ። የወረደ ካሶኒን ቀና ስለሚያደርግ ሰው ይወደዋል፤ የመጫን አቅምን ግን አንድ ኪሎም አይጨምርም። ባሌስትራ ጭነቱን በሁለት ጫፎቹ ለሻንሲው ያካፍላል። ከረጢቱ ግን መሐል ላይ አንድ ነጥብ ይዞ ወደ ላይ ይገፋል። ከአክስሉ ኋላ ከባድ ጭነት ኖሮ ጉድጓድ ሲመታ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ሊታጠፍ ይችላል። ደብል ጋቢና ፒክአፖች ከመጠን በላይ ጭነው በኮረኮንች በሚነዱባቸው አገሮች፣ በተለይ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በዚህ መንገድ የታጠፉ ሻንሲዎች በደንብ ይታወቃሉ።

6. ካኖፒ፣ ክዳን ወይስ ሸራ?

ዕቃችሁ ውድ ከሆነና መኪናውን ውጭ የምታሳድሩ ከሆነ ካኖፒ ተመራጭ ነው። እህል፣ ሲሚንቶና ብሎኬት የምትጭኑ ከሆነ ግን ካኖፒው ራሱ ዕንቅፋት ይሆንባችኋል፤ ሸራ ከነጥሩ ማሰሪያው ይበቃል። በመሐል ያለው ጠፍጣፋ ክዳን ሻንጣ ለሚጭን የከተማ ሰው ይስማማል።

ያገለገለ ካኖፒ ስትገዙ ሞዴሉን አጣሩ። እስከ 2015 በፈረንጆች ለነበረው ሃይሉክስ የተሠራው ከዚያ በኋላ በመጣው ካሶኒ ላይ በትክክል አይቀመጥም። «በጎሚኒ ይሞላል» የሚላችሁን አትስሙ። ፋይበሩን በማዕዘኖቹና በማጠፊያዎቹ ዙሪያ በጣት እየጫናችሁ እዩ፤ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ እዚያ ይገኛል። የጀርባው መስተዋት ጋዝ ክንድ ከፍቶ ይያዝ አይያዝ ሞክሩ።

የካኖፒ ትልቁ ራስ ምታት አቧራ ነው። መኪናው ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊት ዝቅ ይላል፤ ካኖፒው ውስጥም እንዲሁ። ስለዚህ ከጎማው የሚነሳው አቧራ በስፖንዳው ዙሪያ ባለው ክፍተት ተስቦ ይገባል። ሰው የካኖፒውን መስተዋት በሲሊኮን ሲለቀልቅ ይውላል፤ አቧራው ግን በአብዛኛው የሚገባው ከታች፣ በስፖንዳው ማጠፊያና በሁለቱ ጎኖቹ ነው። መጀመሪያ ስፖንዳውን ዙሪያውን በስፖንጅ ጎሚኒ አልብሱት፤ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ። ቀጥሎ የካሶኒውን የማዕዘን ቀዳዳዎች ዝጉ። ይህም ካልበቃ ካኖፒው ጣሪያ ፊት ላይ ማጣሪያ ያለው የአየር ማስገቢያ አስገጥሙ፤ በጉዞ ላይ ንጹሕ አየር ገብቶ ውስጡን ስለሚሞላው አቧራው የሚሳብበት ምክንያት ይጠፋል። የጎን መስኮት ከፍቶ መንዳት ግን ነገሩን ያብሳል።

የካሶኒውን ወለል በተመለከተ፣ ተጥሎ የሚታሰረው የፕላስቲክ ልባስ ርካሽና ፈጣን ነው። ግን በሱና በቀለሙ መካከል አሸዋና ውኃ ይገባል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ዝገቱም ሳይታይ ከሥር ይሠራል። የሚረጨው ልባስ ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቅ ይህ ችግር የለበትም፤ ጥንካሬው ግን ከመርጨቱ በፊት ካሶኒው በደንብ ተሻሽቶ በመጽዳቱ ላይ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ጥሩ ነው፤ በየጊዜው አንስቶ ማጠብ ይቻላል።

7. የፊት ብረት፣ ዊንችና የመጎተቻ ቦታ

የፊት ብረት በገጠር መንገድ ከብት ወይም አህያ ቢገባ ራዲያተሩን ሊያድን ይችላል። ከተማ ውስጥ ግን በእግረኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከፕላስቲኩ ባምፐር የከፋ ነው፤ ውሏችሁ ከተማ ከሆነ እባካችሁ ይቅርባችሁ። የምትገጥሙ ከሆነ ኤርባግ ላለው መኪና የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። መኪናው ሲጋጭ ብረቱ ጉልበቱን ለሻንሲው የሚያስተላልፍበት መንገድ ኤርባጉ የሚፈነዳበትን ሰዓት ይለውጣል። ሰፈር ውስጥ ከቧንቧ የተበየደ ብረት ይህን ሁሉ አያውቅም። ታርጋውን፣ ፍሬቻውንና ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር እንዳይሸፍንም እዩ።

ዊንች ከገጠማችሁ በወር አንድ ጊዜ ገመዱን አውጥታችሁ መልሱ፤ ሳይነካ የከረመ ዊንች በሚያስፈልግበት ቀን አይዞርም። የብረት ገመድ ከሆነ ያለጓንት አትንኩት።

አሁን የምለው የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የተያዘ መኪና ሲጎተት ገመዱ በተጎታች መገጠሚያው ኳስ ላይ በፍጹም አይታሰር። ኳሱ ተሰብሮ በመስተዋት ገብቶ ሰው የገደለባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ከመኪናው ሥር ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶችም መኪናው በመርከብ ሲመጣ የታሰረባቸው ናቸው እንጂ ለመጎተት አልተሠሩም። በሻንሲው ላይ በጠንካራ ቡሎን የታሰረ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት መጎተቻ አስገጥሙ። ዋጋው ከዊንቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ከዊንቹም በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው።

8. መብራትና ሽቦ

የመኪና ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ዋቱን በ12 ስታካፍሉት አምፔሩ ይመጣል። ባለ 120 ዋት ኤልኢዲ መብራት 10 አምፔር ይስባል፤ 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነውና፣ መብራቱ አጠገብ የተደረገ ፊውዝ ከባትሪው ጀምሮ ያለውን ሽቦ አያድንም። ማብሪያው በሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል በሚከፍትና በሚዘጋ ዕቃ) ይሥራ፤ ሽቦው የጋቢናን ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይግባበት።

የሽቦው ውፍረትም ከባድ ጉዳይ ነው። በ2.5 ካሬ ሚ.ሜ ሽቦ 10 አምፔር አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ 0.7 ቮልት ይጠፋል። በ1 ካሬ ሚ.ሜ ግን የሚጠፋው 1.75 ቮልት ነው፤ ያ የጠፋው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ካሶኒ ውስጥ ማቀዝቀዣ ገጥማችሁ «ቶሎ ቶሎ ይጠፋል» ካላችሁ፣ ባትሪውን ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን ተመልከቱ።

ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት አሁን በየቦታው ይታያል። መስተዋቱ ብርሃኑን የሚሰበስበው ለሌላ ቅርጽ ስለሆነ ጨረሩ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። የተሻለው መንገድ የጠወለገውን መስተዋት ማጽዳት፣ ጥሩ ሃሎጅን መግዛትና አቅጣጫውን ማስተካከል ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ረጅም መብራት ኮፈኑ ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ያደክማል፤ በአቧራና በጉም ደግሞ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስባችኋል። ጣርማ በርን በጉም ያለፈ ሰው የሚጠቅመው ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት መሆኑን ያውቃል።

መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የጂፒኤስ መከታተያውን ፍጆታ አስቡ። 50 ሚሊ አምፔር የሚስብ ዕቃ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 70 ባትሪን በግማሽ አወረደ ማለት ነው።

9. ስኖርከል

ስኖርከል የሞተሩን አየር መሳቢያ ወደ ጣሪያ ከፍታ የሚያወጣ ቱቦ ነው። ሰው የሚገጥመው ለወንዝ ነው፤ አገራችን ውስጥ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ለአቧራ ነው። አየሩን ከጣሪያ ከፍታ ስለሚስብ የአየር ፊልትሮው ይቆያል። መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ግን ጥቅሙ ይቀራል። ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ የፊልትሮ ሳጥኑን አስከፍቱና ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ንጹሕ ቱቦ ውስጥ፣ በጣታችሁ ዳስሱ። አቧራ ካለ ያ አቧራ ሞተሩን እየበላው ነው። ስኖርከል ያለው መኪናም ቢሆን ዲናሞው፣ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻና የጋቢናው ሽቦ ውኃ ውስጥ እንደሚገቡ አትርሱ። መተንፈሻዎቹ በቱቦ ወደ ላይ ካልተረዘሙ ትኩስ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውኃውን ወደ ዘይቱ ይስበዋል።

10. ጥቃቅን የሚመስሉት

የወንበር ልብስ ስታሰፉ ወንበራችሁ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት እንዳለ እዩ፤ ካለ የልብሱ ጎን የሚከፈት ስፌት ያስፈልገዋል። የሾፌሩን ምንጣፍ በሌላ ምንጣፍ ላይ አትደርቡ። ቶዮታ በ2009 በፈረንጆች አሜሪካ ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የጠራው ምንጣፍ የነዳጅ መርገጫውን ሊይዝ ይችላል በሚል ነበር። ዘመድ ከውጭ ሲያመጣላችሁ ደግሞ መኪናው የግራ መሪ መሆኑን ንገሩት፤ ከአውስትራሊያ፣ ከታይላንድና ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ምንጣፍና የዳሽቦርድ ዕቃ ለቀኝ መሪ የተሠራ ነው። የጎን መርገጫ በሻንሲው ላይ የሚታሰር ይሁን እንጂ በጋቢናው ቆርቆሮ ላይ አይሁን።

11. ስትገዙና ስታስገጥሙ

ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ዕቃውን ከነማሰሪያው፣ ከነቡሎኑ አይታችሁ ግዙ። ማሰሪያው የጎደለ ዕቃ በብየዳ ይሟላል፤ ሻንሲ ላይ መበየድና መሰርሰር ደግሞ ብረቱን ያዳክማል። በፋብሪካው ቀዳዳ የሚታሰረውን ምረጡ። ብየዳ ግድ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ አለበለዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። የተበሳ ቆርቆሮ ሁሉ በዚያው ሰዓት ጸረ-ዝገት ይቀባ።

ቅርጹን የሚለውጥ ነገር ከመግጠማችሁ በፊት ቦሎ የምታወጡበት ቦታ በዓመታዊው ምርመራ እንዴት እንደሚታይ ጠይቁ። ደረሰኞቹን አስቀምጡና ለኢንሹራንሱ የዕቃዎቹን ዋጋ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ካኖፒ ከጠፋ ክርክሩ ረጅም ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስገጥሙ። አንድ ዕቃ ገጥማችሁ ለጥቂት ሳምንታት ንዱ። አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ንዝረት ወይም የፍሬን ለውጥ ሲመጣ ከየትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

12. ከተገጠመ በኋላ

ጎማ ከተፈታ የቸርኬው ዳዶዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ይጠበቁ። የባሌስትራ፣ የፊት ብረትና የካኖፒ ቡሎኖች ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ረጅም የፒስታ ጉዞ መልስ ይታዩ። ካጠበቃችሁ በኋላ በቡሎኑና በማሰሪያው ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከተዛነፈ ቡሎኑ እንደዞረ ያለ ቁልፍ ታውቃላችሁ።

ክረምት ሲወጣ የካሶኒውን ልባስ አንስታችሁ እጠቡ፣ የካኖፒውን ጎሚኒ በሲሊኮን ዘይት አብሱ፣ የሽቦ መገጣጠሚያዎችን አንድ በአንድ ክፈቱና አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱ። የጎማውን አየር እንደ ጭነቱ አስተካክሉ፤ ባዶውን ለሚውል መኪና የሙሉ ጭነት አየር መሙላት የጎማውን መሐል ይጨርሰዋል። ዘወትር የማትጠቀሙበትን አውርዱ። ባዶ ፖርቶ መጋላ እንኳ በአስፋልት ፍጥነት ነፋስ እየገፋ ነዳጅ ይወስዳል።

ከመኪናው ላይ የፈታችሁትን የፋብሪካ ዕቃ፣ ባምፐሩን፣ ሾኩን፣ ባሌስትራውንና ቸርኬውን ከነቡሎኑ በጆንያ አስቀምጡ። መኪናውን የምትሸጡበት ቀን ሲመጣ ብዙ ገዢ የሚፈልገው ያልተነካካ ፒክአፕ ነው። ካኖፒውንና የፊት ብረቱን ለብቻ መሸጥ ሳይሻል አይቀርም። የቀሩትን ቀዳዳዎች በጎማ ክዳን ዝጉ፤ የተቆረጠ ሽቦ ካለ ከፊውዙ ጀምራችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት እንጂ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ለሚቀጥለው ባለቤት አትተዉለት።